የፊደል ማስተማሪያ መተግበሪያ ድምፅ፦ ከቀረጻ እስከ ንክኪ

ልጁ ስክሪኑ ላይ «ቀ»ን ይነካል፤ ስልኩ «ቀ» ይላል። ሲያዩት ቀላል ነው፤ ሥራው ግን ከሬዲዮና ከፊልም ድምፅ በአንድ ነገር ይለያል። በሬዲዮ ምን ከምን ቀጥሎ እንደሚሰማ አዘጋጁ ያውቃል። እዚህ ቅደም ተከተሉ ያለው በልጁ ጣት ነው። «ቀ»ን አርባ ጊዜ ሊደጋግም፣ ከ«ሀ» ወደ «ፐ» ሊዘል፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ድምፅ ብቻውን የሚቆም፣ ከየትኛውም ሌላ ድምፅ ጋር በጉልበት የሚመጣጠንና እንደተነካ ወዲያው የሚሰማ መሆን አለበት። ከታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ የሚሠሩት ለእነዚህ ሦስት ነገሮች ነው።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ዩኤስቢ ማይክ ወይም ደህና ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ጆሮን የሚሸፍን ማዳመጫ፣ ነፃው የድምፅ ማረሚያ ኦዳሲቲ፣ ሁለት ሦስት ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ።

መጀመሪያ ስለ ድምፅ ራሱ

ድምፅ የአየር መርገብገብ ነው። በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ በኸርዝ ይለካል፤ ጤናማ የልጅ ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ይሰማል። ኮምፒውተሩ ይህን መርገብገብ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየለካ በቁጥር ይመዘግበዋል። መያዝ የሚችለውም የልኬቱን ግማሽ ያህል ነው፦ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ከለካ እስከ 22,050 ኸርዝ ይይዛል፤ 8,000 ጊዜ ብቻ ከለካ 4,000 ላይ ያበቃል። «ሰ»ን ከ«ፈ» የሚለየው ፉጨት በአብዛኛው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው። አንዳንድ ስልኮች ላይ ያለው የድምፅ መቅጃ ሳይነኩት በ8,000 ስለሚቀዳ፣ ቅንብሩን ሳያዩ ሥራ አይጀምሩ። 44,100 ወይም 48,000 ይምረጡ፤ ፋይሉ ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) እንዲሆን ያድርጉ።

የድምፅ ጉልበት በዲሲቤል ይለካል። በዲጂታል ድምፅ ጣሪያው 0 ዲሲቤል ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በኔጌቲቭ ይጻፋል። 6 ዲሲቤል መቀነስ የሞገዱን ቁመት ግማሽ ማድረግ ማለት ነው። ጣሪያውን የመታ ድምፅ አናቱ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውን በኋላ መልሶ ማምጣት አይቻልም። በ24 ቢት መቅዳት የሚመከረውም ለዚህ ነው፤ ዝቅ አድርገው ቀድተው በኋላ ከፍ ቢያደርጉት የሹክሹክታ ጫጫታ አይከተለውም። ሞኖ ይቅዱ። አንድ አፍ ነው የሚናገረው፤ ስቴሪዮ ፋይሉን እጥፍ ከማድረግ በቀር የሚጨምረው የለም።

እርምጃ 1፦ ዝርዝሩን ማዘጋጀት

33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። ሁሉንም መቅዳት ግን ስህተት ይፈጥራል። በአማርኛ «ሐ» እና «ኀ» ከ«ሀ»፣ «ሠ» ከ«ሰ»፣ «ዐ» ከ«አ»፣ «ፀ» ከ«ጸ» ጋር አንድ ድምፅ ናቸው። ለየብቻ ከተቀዱ ድምፅ ሰጪዋ ሳታስበው ትንሽ ትለያያቸዋለች፤ ልጁም የሌለ ልዩነት ይማራል። እነዚህ አምስት ቤቶች 35 ይቀንሳሉ። «ሃ» ከ«ሀ»፣ «ኣ» ከ«አ» ጋር አንድ ስለሆኑ 2 ይወጣሉ። ከ«ኸ» ቤት የራሱ ድምፅ ያለው ግዕዙ ብቻ ነው፤ ከ«ኹ» እስከ «ኾ» ያሉት ስድስቱ ከ«ሁ»፣ «ሂ»፣ «ሃ»፣ «ሄ»፣ «ህ»፣ «ሆ» አይለዩም። የሚቀረው 188 ነው። አንዱ ፋይል ለሁለት ለሦስት ፊደል እንዲያገለግል በፕሮግራሙ ውስጥ ያገናኙት። መተግበሪያው ትግርኛን የሚጨምር ከሆነ ይህን ስሌት አይጠቀሙበት፤ እዚያ «ሐ» እና «ዐ» የየራሳቸው ድምፅ አላቸው።

ሞክሼዎቹን ለመለየት የአባቶች መጠሪያ ይበቃል፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። እነዚህን ዘጠኝ ስሞች ለብቻ ይቅዱና ልጁ ፊደሉን ተጭኖ ሲቆይ እንዲሰሙ ያድርጉ።

ፋይሎቹን በቁጥር ይሰይሙ፤ የቤቱ ተራ ይቀድማል፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ተራ ይከተላል። 09-1 «ቀ» ነው፣ 09-7 «ቆ»። በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፋይል አንዳንድ ሰርቨርና የዚፕ መክፈቻ ላይ ስሙ ይበላሻል፤ ቁጥር የትም አይበላሽም።

እርምጃ 2፦ ክፍሉ

ከማይኩ ዋጋ በላይ ውጤቱን የሚወስነው ክፍሉ ነው። ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ሳሎን ድምፁን መልሶ ይወረውራል፤ ይህ ማስተጋባት አንዴ ከገባ አይወጣም። ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ያለበት መኝታ ቤት ይምረጡ። የቁም ሳጥኑን በር ከፍተው ድምፅ ሰጪዋ ጀርባዋን ለልብሱ ትስጥ፤ ከማይኩ ጀርባና ከጎን ጋቢ ይስቀሉ። አንዴ ያጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ የሚከተል ጩኸት ካለ ገና ነው።

ፍሪጁን ያጥፉ (የቤትዎን ቁልፍ እዚያው ፍሪጁ ላይ ያስቀምጡ፤ ሲወጡ መልሶ ማብራት እንዳይረሳ)። የቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ በዝናብ ቀን አይቀዱ። የኢትዮጵያ መብራት በ50 ኸርዝ ስለሚሄድ ቻርጅ ላይ ያለ ላፕቶፕ የ50፣ የ100 እና የ150 ኸርዝ እምታ ሊያስገባ ይችላል፤ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ይሥሩ። ስልኩንም በረራ ሁኔታ ላይ ያድርጉት።

እርምጃ 3፦ ማይክና መጠን

ማይኩ ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ አንድ ስንዝር ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ ወደ 6 ዲሲቤል ይወርዳል፣ የክፍሉ ማስተጋባት ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ወንበሩም ማይኩም ከቦታው እንዳይነቃነቅ መሬቱ ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ፤ በማግስቱ ሲቀጥሉ ወደዚያው ርቀት መመለስ ያስፈልጋል። ማይኩ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ አንዱ የአፍ ጥግ ዘወር ይበል። «ፐ» እና «ፈ» የሚያወጡት ነፋስ ማይኩን በቀጥታ ከመታው ዱብ የሚል ድምፅ ይቀዳል።

መጠኑን የሚለኩት በ«መ» ወይም በ«ለ» ሳይሆን በ«ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ»፣ «ጰ» እና «ጸ» ነው። እነዚህ አምስቱ ጉሮሮ ተዘግቶ ሲለቀቅ የሚፈነዱ ናቸው፤ መጀመሪያቸው ላይ በጊዜ አጭር፣ በቁመት ግን ረጅም ሹል (የሞገዱ ጫፍ) አላቸው። በእነሱ ሹሉ ከ-12 እስከ -6 ዲሲቤል መካከል እንዲያርፍ ካደረጉ ሌላው ሁሉ ጣሪያ አይነካም። መጠን በራሱ የሚያስተካክል ቁልፍ ካለ ያጥፉት፤ ከ«ጠ» በኋላ የመጣውን «ም» ያሳንሰዋል፣ በዝምታው መካከል ደግሞ ጫጫታውን ከፍ ያደርጋል።

ንባቡ ከመጀመሩ በፊት ማንም ሳይናገር የክፍሉን ዝምታ ለ10 ሰከንድ ይቅዱ። ለማጽዳት ያስፈልጋል።

እርምጃ 4፦ ንባቡ

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ሀ ሁ ሂ ሃ ብሎ የተማረ ሰው ፊደልን የሚያነበው በዜማ ነው፤ እስከ «ህ» ድረስ ድምፁ ይንጠለጠላል፣ «ሆ» ላይ ይወርዳል። እንደ ንባብ ደስ ይላል። ተቆራርጦ መተግበሪያ ውስጥ ሲገባ ግን ስድስቱ ፊደላት ያላለቀ ዓረፍተ ነገር ይመስላሉ፣ ሰባተኛው ብቻ ያለቀ ይሆናል። ልጁ «ሂ»ን ብቻውን ሲነካ የሚሰማው ከመካከል የተቀደደ ድምፅ ነው።

መፍትሔው ተራውን ማፍረስ ነው። ፊደላቱን በካርድ ላይ ይጻፉ፣ ካርዶቹን ይበውዙ፣ ድምፅ ሰጪዋ አንድ በአንድ እያነሳች ታንብብ። በእያንዳንዱ መካከል ሁለት ሰከንድ ዝም ትበል፤ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ትድገም። ለማን እንደምትናገር ካወቀች ይሻላል፦ አጠገቧ ለተቀመጠ የአምስት ዓመት ልጅ «ይህ ምንድን ነው?» ሲላት እንደምትመልስ ትበል። በፈገግታ የተነገረ ድምፅ ይለያል፤ ስልክ ስፒከር ላይም ይሰማል።

ሳድሱ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ል»፣ «ም»፣ «ን» ሲባል አጭርና ደካማ ስለሆነ አንባቢው ወይ ወደ «ሉ» ያዘነብላል ወይ ጨርሶ ይውጠዋል። ሁሉንም ሳድሶች ከሌላው ለይተው በአንድ ቁጭታ ማስቀዳት ይሻላል፤ አነባበቡ ወጥ ይሆናል።

ከፊደል አልፈው ቃላት የሚቀዱ ከሆነ ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ ይጠብቅ ወይም ይላላ ብለው ይጻፉ። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ነው። «ዋና»ም ሲላላ የውኃው ነው፣ ሲጠብቅ «ትልቁ» ነው። «አለ» እንዲሁ። ጽሑፉ አይለያቸውም፤ ድምፅ ሰጪዋም ሥዕሉን አላየችም። ለልጁ ልዩነቱን የሚነግረው ድምፁ ብቻ ነው።

በአንድ ጊዜ ከ40 ደቂቃ በላይ አይቅዱ። ለብ ያለ ውኃ ይቅረብ፤ ወተትና ለውዝ አይቅረብ፣ አፍ ውስጥ የሚያጣብቅ ድምፅ ያመጣሉ። የተቀዳው ከስልክ ወደ ላፕቶፕ በቴሌግራም የሚሄድ ከሆነ በፋይልነት ይላኩት። በድምፅ መልእክትነት ከተላከ ይጨመቃል፤ ያንን ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ ጊዜ ያጠፋዋል።

እርምጃ 5፦ ማጽዳትና መቁረጥ

ኦዳሲቲ ውስጥ ቀረጻውን ይክፈቱ፤ መነሻውን ቅጂ በሌላ ፎልደር አስቀምጠው አይንኩት። መጀመሪያ ሃይ ፓስ ፊልተር (ከተመረጠው ኸርዝ በታች ያለውን የሚቀንስ) በ80 ኸርዝ ያድርጉ፤ የመኪና ጉርምርምታና የ50 ኸርዙን እምታ ይቀንሳል። ቀጥሎ የ10 ሰከንዱን ዝምታ መርጠው በኖይዝ ሪዳክሽን የጫጫታውን መልክ ያስወስዱ፣ ከዚያ ሙሉውን መርጠው ከ6 እስከ 9 ዲሲቤል ብቻ ይቀንሱ። 20 ዲሲቤል ከቀነሱ ዝምታው ንጹሕ ይሆናል፤ «ሰ» እና «ሸ» ግን ከውኃ ውስጥ የመጡ ይመስላሉ።

ዝምታን በራሱ የሚያሳጥረውን ትእዛዝ ቃላት ላይ በፍጹም አይጠቀሙ። «መጣ» ሲባል የ«ጠ» መጥበቅ የሚሰማው ከፍንዳታው በፊት ባለው አጭር ዝምታ ነው። ማሽኑ ያንን እንደ ባዶ ቦታ ቆጥሮ ከቆረጠው «መጣ» ላልቶ የማንም ያልሆነ ቃል ይሆናል።

ከመቁረጥዎ በፊት በእርምጃ 6 ያለውን የሙሉውን ቀረጻ ማመጣጠን ይሥሩ። ከዚያ ከሦስቱ ንባቦች አንዱን ይምረጡና በሁለት ወገን ይቁረጡት። ከፊት ከ5 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ብቻ ይተዉ። ፊት ላይ ያለ ባዶ ቦታ በሬዲዮ ትንፋሽ ነው፤ እዚህ ግን ልጁ «አልሰራም» ብሎ ደግሞ እንዲነካ የሚያደርግ መዘግየት ነው። ከንክኪ እስከ ድምፅ ያለው ጠቅላላ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ ማለፍ የለበትም፤ ከዚያም ላይ ስልኩ ራሱ የሚበላው አለ። በሌላ በኩል «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ሸ» ቀስ ብለው ስለሚነሱ በዓይን መጀመሪያ የሚመስለው ትክክለኛው መጀመሪያ አይደለም። ሞገዱን አጉልተው፣ በማዳመጫ እየሰሙ ይቁረጡ። ከኋላ ድምፁ ከጠፋ በኋላ ከ100 እስከ 150 ሚሊሰከንድ ይተዉና በፌድ አውት (ድምፁን ቀስ በቀስ ወደ ዝምታ በማውረድ) ይዝጉት። ሞገዱ ዜሮ መስመርን በማያቋርጥበት ቦታ ከተቆረጠ ጠቅ የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ከፊትም የ2 ሚሊሰከንድ ፌድ ኢን (ከዝምታ ቀስ በቀስ ማንሳት) ይህን ያስቀራል።

እርምጃ 6፦ ማመጣጠን

ኖርማላይዝ የሚለውን ተጭኖ ሁሉንም ፋይል በሹሉ እኩል ማድረግ ያጓጓል። ውጤቱ ግን የተዛባ ነው። «ጠ» ሹሉ ረጅም ስለሆነ ጣሪያው ላይ ቶሎ ይደርሳል፤ ተከታዩ አናባቢ ዝቅ ብሎ ይቀራል። «መ» ሹል ስለሌለው ሙሉ አካሉ ከፍ ይላል። በቁጥር እኩል፣ በጆሮ ግን «መ» ይጮኻል፣ «ጠ» ይደክማል።

የጆሮን ጉልበት የሚለካው ላውድነስ ኖርማላይዜሽን የተሻለ ነው፤ ሆኖም ይህ ልኬት የሚሠራው በ400 ሚሊሰከንድ ቁራጭ ነው፣ ከዚያ ያጠረ ፊደልን በትክክል አይመዝንም። ስለዚህ ገና ሳይቆራረጥ ሙሉውን ቀረጻ ወደ -18 ሉፍስ (የዚህ ልኬት መለኪያ) ያምጡት። ከዚያ ሊሚተር አድርገው እንደ «ጠ» የሚፈነዱትን ድምፆች ሹል -2 ዲሲቤል ላይ ያስቁሙ። የቀረው የጆሮ ሥራ ነው፦ ፊደላቱን በዘፈቀደ ቅደም ተከተል ያጫውቱ፣ የሚጮኸውን ዝቅ፣ የሚደክመውን ከፍ ያድርጉ። ሳድሶች አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዲሲቤል ጭማሪ ይፈልጋሉ። አንድ ቀን አሳድረው እንደገና ይስሙ።

እርምጃ 7፦ የምላሽ ድምፅና ሙዚቃ

ልክ ሲመልስ የሚሰማው ድምፅ ከግማሽ ሰከንድ አይብለጥ። ሲሳሳት የሚሰማው የሚያሳፍር ጩኸት መሆን የለበትም፤ ዝቅ ያለ አንድ ለስላሳ ምት ይበቃል። ስህተቱ ከልኩ ይልቅ የሚያዝናና ከሆነ ደግሞ ልጆች ሆን ብለው ይሳሳታሉ። የስልክ ስፒከር ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን በአግባቡ ስለማያወጣ የከበሮ ድም ብቻ አይምረጡ።

ከበስተጀርባ ክራር ካለ የምላሹ ድምፅ ከቅኝቱ ኖታዎች ይውጣ። ሙዚቃው ከዶ በሚነሳ ሙሉ ትዝታ ከሆነ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው፤ 523፣ 659 እና 784 ኸርዝ (ዶ፣ ሚ፣ ሶል) ተከታትለው ቢወጡ ልጁ በማንኛውም ቅጽበት ቢነካ ከሙዚቃው ጋር አይጋጩም። በአንቺሆዬ ቅኝት ላይ ይህን ቢያደርጉ ይጋጫል።

የሚደጋገመው ሙዚቃ በሙሉ ምት ይለቅ። በደቂቃ 90 ምት፣ 8 ባለ አራት ምት መስመር 21.33 ሰከንድ ነው። ሁለት ጊዜ አከታትለው ያስጫውቱና ሁለተኛውን ዙር ብቻ ቆርጠው ያውጡ፤ የመጨረሻው የክራር ጅማት ንዝረት በመጀመሪያው ላይ ስለሚያርፍ መገጣጠሚያው አይሰማም። ዘፈን ያለበት ሙዚቃ አይጠቀሙ፤ ከፊደሉ ጋር ይሻማል። ፊደል ሲነገር ሙዚቃው ቢያንስ 12 ዲሲቤል ዝቅ ይበል፣ ሲያልቅ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ይመለስ። እውነቱን ለመናገር ለፊደል ገጽ ዝምታ ከሙዚቃ ይሻላል፤ ሙዚቃውን ለመግቢያውና ለጨዋታው ክፍል ያቆዩት።

እርምጃ 8፦ ማውጣት

188 ድምፅ እያንዳንዱ 0.8 ሰከንድ ቢሆን 150 ሰከንድ ነው። በ44,100፣ በ16 ቢት ሞኖ ዌቭ 13 ሜጋባይት ይሆናል፤ በ64 ኪሎቢት ኤምፒ3 1.2 ሜጋባይት። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ወላጅ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዌቩን ለማኅደር ያስቀምጡ፣ ለመተግበሪያው ኤምፒ3 ያውጡ። ኦዳሲቲ ላይ በየፊደሉ ሌብል (የስም ምልክት) ካስቀመጡ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለየብቻ ያወጣል። የሚደጋገመውን ሙዚቃ ግን በኤምፒ3 አያውጡ፤ አሠራሩ መጀመሪያው ላይ 25 ሚሊሰከንድ ያህል ባዶ ስለሚጨምር በየዙሩ ይደናቀፋል። ለዚያ ኦግ ወይም ዌቭ ይሻላል፤ አሮጌ አይፎኖች ኦግን እንደማይከፍቱ ግን ያስቡ።

እርምጃ 9፦ መተግበሪያው ውስጥ

አጫጭሮቹን ድምፆች ልጁ ከመንካቱ በፊት ወደ ሚሞሪ ይጫኑ። ሲፈቱ ይሰፋሉ፦ 150 ሰከንዱ ወደ 26 ሜጋባይት ይሆናል። አቅሙ አነስተኛ ለሆነ ስልክ የተከፈተውን ገጽ ቤቶች ብቻ ይጫኑ። ሙዚቃን ግን እየተጫወተ እንዲነበብ ያድርጉ፤ አንድ ደቂቃ ስቴሪዮ ሙሉ በሙሉ ሲፈታ ከ20 ሜጋባይት በላይ ይይዛል።

ብራውዘር ላይ ከሆነ ክሮምም ሆነ ሳፋሪ ተጠቃሚው ገጹን ከመንካቱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ አያስወጡም። «ሰላም ልጆች» የሚለው መግቢያ ሳይሰማ ከቀረ ምክንያቱ ይህ ነው። መጀመሪያ ላይ ትልቅ «ጀምር» የሚል ቁልፍ ያስቀምጡና የድምፅ ሞተሩን በዚያ ንክኪ ያስነሱ።

ልጁ አዲስ ፊደል ሲነካ የቀደመው ንግግር በ15 ሚሊሰከንድ ፌድ ይቁም፣ አዲሱ ይጀምር። ወረፋ አያስይዙ፤ አሥር ጊዜ የነካ ልጅ አሥር ፊደል ቆሞ መስማት አይኖርበትም። ስልክ ሲደወል ወይም መተግበሪያው ከስክሪኑ ሲወጣ ሁሉም ዝም ይበል። የንግግርና የሙዚቃ መጠን ለየብቻ የሚቀነስበት ይኑር፣ ምርጫውም ለሚቀጥለው ጊዜ ይቀመጥ። ድምፅ ብቻ ምልክት አይሁን፤ የተነካው ፊደል ቀለሙን ይቀይር ወይም ይተልቅ፣ መስማት የተሳነው ልጅም ልኩን ያውቅ።

እርምጃ 10፦ ፍተሻ

በስቱዲዮ ማዳመጫ ብቻ የተፈተሸ ሥራ አልተፈተሸም። በርካሽ ስልክ ስፒከር፣ በግማሽ መጠን፣ ቴሌቪዥን በተከፈተበት ሳሎን ይስሙት። «ሰ» ከ«ፈ»፣ «ተ» ከ«ጠ»፣ «ከ» ከ«ቀ» ይለያሉ? ፊደሉን ሳያሳዩ ለአምስት ሰው አሰምተው የሰሙትን ያስጽፉ፤ ሁለቱ የተሳሳቱበትን ፊደል እንደገና ያስቀዱ።

በብሉቱዝ ማዳመጫ ሲሞከር መዘግየት ካለ ችግሩ ከፋይሉ ላይሆን ይችላል፤ ብሉቱዝ ራሱ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊያዘገይ ይችላል። በስልኩ ስፒከርም የሚዘገይ ከሆነ መጀመሪያ የፋይሉን ፊት፣ ቀጥሎ አስቀድሞ መጫኑን ይመልከቱ። አንዱ ስልክ ላይ ሙዚቃው ጠፍቶ ንግግሩ ብቻ የሚሰማ ከሆነ የሙዚቃው ግራና ቀኝ ተቃራኒ ሆነው በአንድ ስፒከር ላይ እየተጠፋፉ ነው፤ ሙዚቃውን ወደ ሞኖ ቀይረው ይስሙት፣ እዚያም ከጠፋ አንዱን ወገን ይገልብጡ። አይፎን ዝምታ ላይ ሲሆን ድምፅ የማይወጣባቸው ሁኔታዎች ስላሉ ወላጁን የሚያስታውስ አጭር ጽሑፍ መግቢያው ላይ ይግባ።

በመጨረሻ ስልኩን ለልጅ ሰጥተው ምንም ሳይናገሩ ይመልከቱ። አንዱን ፊደል ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ የሚነካው ወድዶት ነው ወይስ አልሰማውም? ፊቱ ይናገራል። ያልሰማቸውን ፊደላት የፋይል ቁጥር መዝግበው ወደ እርምጃ 5 ይመለሱ።